ሰውነቱን እየደጋገመ ስለሚያንቀሳቅስ ልጅ አስተዳደግ

በወልድያ፥ በመርሳና በሀብሩ ላሉ የመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ፊደል ለቈጠሩ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ልጆች ሁሉ በእኩል ዕድሜ አይራመዱም፤ በእኩል ዕድሜም አይናገሩም። አንዱ ይፈጥናል፥ ሌላው ይዘገያል፤ ይህንንም ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ከመዘግየት የተለየ ጠባይ የሚታይባቸው ልጆች አሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ የፈለገውን በጣቱ አያመለክትም፤ እጆቹን እንደ ክንፍ ያራግባል፤ ተቀምጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ የድስት ክዳን ሲያሾር ይውላል፤ የሰማትን አንዲት ቃል ከጧት እስከ ማታ ይደጋግማታል። የደረደረውን ጠጠር ሰው ቢያፈርስበት ቤቱ እስኪናወጥ ይጮኻል።

በአገራችን እንዲህ ካሉት ልጆች መካከል በጓዳ ተሸሽገው፥ ከዚያም አልፎ በገመድ ታስረው ያደጉ አሉ። ይህም የሚሆነው ወላጆቹ ጨካኞች ስለ ሆኑ አይደለም። እናቲቱ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ልጁ ከቤት ወጥቶ ገደል እንዳይገባባት ትፈራለች፤ ጎረቤትም እንዳይሥቅባት ታፍራለች። ፍርሃቷ እውነት ነው፤ ገመዱ ግን መድኃኒቱ አይደለም።

የዚህ ትምህርት ዋና አሳብ፥ ልጁ የሚደጋግመው እንቅስቃሴ እንደ ጽሕፈት ሊነበብ የሚገባው ምልክት መሆኑን ማስረዳት ነው። ምልክቱን ያነበበ ሰው ልጁ ምን እንደ ፈራ፥ ምን እንደ ወደደ፥ በምንስ በኩል ሊማር እንደሚችል ያውቃል። ሳያነብ እጁን ያሰረ ግን አፉንም አብሮ ዘጋበት ማለት ነው። በመንደር ውስጥ ንባብ የሚያውቁ መምህሩና የተማረው ሽማግሌ ስለ ሆኑ፥ ይህን ንባብ ለወላጆች ማስተማር የእነርሱ ዕዳ ነው።

1ኛ፤ ስለ ስሙና ስለ ምክንያቱ

ይህ ጠባይ በዓለም እንዲታወቅ ያደረገው፥ በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ይሠራ የነበረ ሊዮ ካነር የተባለ የልጆች አእምሮ ሐኪም ነው። እርሱም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. በ11 ልጆች ላይ ያየውን ጽፎ አሳተመ። ጠባዩ ኦቲዝም ይባላል፤ ስሙም ራስ የሚል ትርጓሜ ካለው ከግሪክ ቃል የወጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ያለበት ነበር። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ቤት ላይ ብቻ የወረደ መቅሠፍት አይደለም፤ ብዙ ልጆች ባሉበት ስፍራ ሁሉ ሊገኝ የሚችል ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ከዘር የሚወረስ ነገር ብዙ ድርሻ አለው፤ የልጁም አንጎል ገና ከጥንቱ ከሌሎች በተለየ መንገድ ያድጋል። ቀድሞ አንዳንድ የውጭ አገር ሐኪሞች፥ እናት ለልጅዋ ፍቅር ስላጣች የመጣ ነው ብለው ብዙ እናቶችን አሳዝነው ነበር፤ ይህ አሳብ ስሕተት ሁኖ ስለ ተገኘ ተትቷል። እንደዚሁም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጽሑፍ ክትባትን ምክንያት አድርጎ ነበር፤ ነገር ግን ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ዓ.ም. ጽሑፉን ሰርዞታል። ስለዚህ ኦቲዝምን ፈርቶ ልጅን ከክትባት መከልከል፥ ኩፍኝን በገዛ እጅ ወደ ቤት መጥራት ነው።

ደግሞም እጁን የሚያራግብ ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። እንቅልፍ ሲመጣበት የሚወዛወዝ ሕፃን ብዙ ነው፤ ዐይነ ስውር የሆነ ልጅ፥ አእምሮው ዘግይቶ የሚያድግም ልጅ እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። ለነገሩ ስም መስጠት የሐኪም ሥራ ነው፤ የመምህሩ ሥራ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መናገር ነው።

2ኛ፤ ልጁ ስለምን እንደሚወዛወዝ

ሰውነትን እየደጋገሙ ማንቀሳቀስ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በየኔታ ፊት ዳዊት የሚደግም ተማሪ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለ ያነባል፤ በቁርኣን ቤት ሉሑን ይዞ የሚቀራ ልጅም እንዲሁ ያደርጋል። ሊቃውንት በማሕሌት መቋሚያ ይዘው ሲዘምሙ፥ ኀዘንተኛ በለቅሶ ቤት ሲወዛወዝ፥ እናት ሕፃን አዝላ እሹሩሩ ስትል ያየ ሰው፥ ሰውነት አእምሮን እንደሚያግዝና ልብንም እንደሚያሳርፍ ያውቃል። የዚህም ልጅ መወዛወዝ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ፥ ልጁ ሌላ ማረፊያ ስላላገኘ ይህንኑ አብዝቶ መያዙ ነው።

ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ድምፅን፥ ብርሃንን፥ ሽታንና የልብስን መኰስኰስ ከሌላው ሰው ይልቅ አብዝተው ወይም አሳንሰው ይሰሙታል። የሠርግ ከበሮ፥ የወፍጮ ጩኸት፥ የገበያ ግርግር፥ የዕጣን ጢስ ለሌላው ቀላል ሲሆን ለእነርሱ ሊከብዳቸው ይችላል። በዚያን ጊዜ ልጁ እጁን ያራግባል። ደግሞ በሌላ ቀን እናቱን ከሩቅ አይቶ ያንኑ እጁን በደስታ ያራግባል። እንቅስቃሴው አንድ ሲሆን ትርጓሜው ሁለት ነው። ይህም፥ ገና የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል፥ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ያልደረሰውን ጊዜ እንደሚያመለክት ያለ ነው፤ ፊደሉን ብቻ አይቶ ያለ ቦታው የሚያነብ ይሳሳታል።

ትርጓሜውን ለማግኘት በደብተር ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ከእንቅስቃሴው በፊት ምን እንደ ነበረ፥ ልጁ ምን እንዳደረገ፥ ከዚያም በኋላ ምን እንደ ተከተለ። እናቲቱ መጻፍ የማትችል እንደ ሆነ፥ ማታ ማታ እየተናገረች ለታላቅ ልጅዋ ታስጽፍ። ለ2 ሳምንት ያህል እንዲህ ቢደረግ ብዙ ጊዜ ነገሩ ራሱን ይገልጣል። ለምሳሌ አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ሲወጣ አንዳንድ ቀን ብቻ ራሱን እየመታ መሬት ላይ ይወድቃል እንበል። ያለ ደብተር ሲታይ ክፉ ጠባይ ይመስላል፤ በደብተር ሲታይ ግን የወደቀባቸው ቀኖች ሁሉ በወፍጮ ቤት በኩል የታለፈባቸው ቀኖች ሁነው ይገኛሉ። እንግዲህ መድኃኒቱ መንገዱን መለወጥ ነው፤ ይህም ከዱላ የሚቀል ነው።

እንቅስቃሴው ልጁንም ሆነ ሌላውን ሰው የማይጎዳ ከሆነ ይተውለት። እጁን ያራገበ ልጅ ማንንም አልበደለም።

3ኛ፤ ወደ ሐኪም ስለሚያስኬዱ ምልክቶች

አስቀድሞ የልጁ ጆሮ ይመርመር፤ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ መስማት የተሳነው ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛ፥ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች በአንዳንዶቹ ላይ የሚጥል በሽታ ይገኛል። መለያውም ይህ ነው፤ የልማድ እንቅስቃሴ ልጁ ሲነካ ወይም የሚወደው ነገር ሲቀርብለት ብዙ ጊዜ ይቋረጣል። የሚጥል በሽታ ሲነሣ ግን ዐይኑ ይፈጣል፥ ቢጠሩት አይሰማም፥ ቢነኩትም አይቋረጥም፤ ካለፈ በኋላም ይደክመዋል። በዚያን ጊዜ ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም፤ በአፉም ምንም ነገር ማግባት አይገባም፤ በጎኑ አስተኝቶ መጠበቅ ነው። ለሚጥል በሽታ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፤ ያለ ሐኪም ፈቃድም አይቋረጥም።

ሦስተኛ፥ ደኅና የነበረ ልጅ በድንገት ራሱን መምታት ቢጀምር ጥርሱ፥ ጆሮው ወይም ሆዱ ታሞ ሊሆን ይችላል። መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን የሚናገረው እንዲህ ነው። አራተኛ፥ ጀምሮት የነበረውን ንግግር የተወ ልጅ ሳይዘገይ ይታይ።

መንገዱም ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጀምሮ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ወደ ወልድያ ሆስፒታል፥ ባስፈለገ ጊዜም ወደ ደሴ ነው። ነገር ግን ኦቲዝምን ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። አጠፋለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ቢመጣ፥ ወላጆች በሬያቸውን ሸጠው እንዳይከፍሉት ሽማግሌዎች ይምከሩአቸው።

4ኛ፤ ስለ እምነትና ስለ ኀፍረት

በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር ይኖራል፤ በጭንቅም ጊዜ አንዱ ወደ ጠበል፥ ሌላው ወደ ዱዓ ይሄዳል። ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ብዙ ሰው የልጁን ጠባይ የወላጆቹ ኃጢአት ያመጣው ቅጣት፥ ወይም የክፉ መንፈስ ሥራ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እናቲቱንም ከሁሉ ይልቅ የሚሰብራት ይህ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ስለ ዕውሩ ሰው የተጻፈውን ያነበበ ክርስቲያን፥ የሰውየው ዕውርነት የእርሱም ሆነ የወላጆቹ ኃጢአት ዋጋ እንዳልነበረ ያውቃል። በቁርኣንም ዐበሰ የተባለውን ሱራ የቀራ ሙስሊም፥ ትምህርት ፈልጎ ከመጣ ዐይነ ስውር ፊትን ማዞር እንደ ተነቀፈ ያውቃል። እንግዲህ ከሁለቱም ወገን የተማሩት ሰዎች ይህን ለሕዝብ ቢያስረዱ፥ የአንዲት እናት ሸክም በአንድ ቀን ይቀላል።

ጸሎት ያጽናናል፤ ሰንሰለት ግን ጸሎት አይደለም፤ ዱላም ዱዓ አይደለም። ልጅን ማሰር፥ ማስራብ፥ በበርበሬ ጢስ ማጠን በማናቸውም ምክንያት አይገባም።

5ኛ፤ ሁለት ምሳሌዎች

ሊዮ ካነር ከጻፈላቸው ከ11 ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባል ነበር። የተወለደው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የሚሽከረከር ነገር አጥብቆ ይወድ ነበር፤ ነገር ቢለወጥበትም ይቈጣ ነበር። ወላጆቹ በሐኪሞች ምክር ከቤት አውጥተው በልጆች ማቆያ ስፍራ አስገቡት፤ በኋላ ግን ወደ ቤታቸው መለሱት። ከዚያም በገበሬ ቤት እንዲቀመጥ ተደረገ። ገበሬውና ሚስቱ ልጁ መለካትና መቍጠር እንደሚወድ አስተዋሉ። መለካት ስለሚወድ የውሃ ጕድጓድ እንዲቈፍርና ጥልቀቱን እንዲነግራቸው አደረጉ፤ መቍጠር ስለሚወድ የበቆሎውን መደዳ እያረሰ እንዲቈጥር ፈቀዱለት። ልማዱን ሳይነጥቁት ልማዱን ሥራ አደረጉት። ዶናልድ አድጎ ከከፍተኛ ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ በባንክ ሠራ፤ መኪና ነዳ፤ ብዙ አገር ጐበኘ፤ በከተማውም ሰዎች ተከብሮ ኖሮ በ2023 ዓ.ም. በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

ሁለተኛው ምሳሌ በአገራችን ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈቱ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ሁኖ በየትምህርት ቤቱ ቢያስገቡትም የሚይዘው አጡ። እርሳቸው ግን ልጃቸውን አልሸሸጉትም፤ በአደባባይ ስለ እርሱ ተናገሩ። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ደግሞም አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ፥ በአማርኛ ፊደል ድምፅ ላይ የተመሠረተ የንግግርና የንባብ ማስተማሪያ አዘጋጁ። በ2013 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ዐርፈዋል። ከፊደል ቤት ለወጣ ሰው ይህ ሊያስደንቀው አይገባም፤ ሀ ሁን የጨረሰ ሕፃን አቡጊዳን ሲቀጽል የሚማረው ድምፅን ከምልክት ጋር እያጋጠመ፥ በመደጋገም ነውና። መደጋገም የሚወድ ልጅ ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለም።

6ኛ፤ በቤት ውስጥ ስለሚደረግ አያያዝ

የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ትምህርት 9 የማኅበር ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው፤ በኢትዮጵያም ለአገሩ እንዲስማማ ሁኖ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። የትምህርቱ መሠረት፥ ልጅ የሚማረው ከወላጁ ጋር በየቀኑ በሚሠራው ሥራና በሚጫወተው ጨዋታ ነው የሚል ነው። ከዚህ ጋር የሚስማማው አያያዝ እንደሚከተለው ነው።

ሀ. ቀኑ ሥርዓት ይኑረው። መነሣት፥ መታጠብ፥ መብላት፥ መውጣት በየቀኑ በአንድ ተራ ይሁን። ለውጥ ሲመጣ አስቀድሞ በዕቃ ይነገረው፤ ወደ ውሃ ሲኬድ ጀሪካኑን፥ ወደ ገበያ ሲኬድ ዘንቢሉን በእጁ ማስያዝ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት በተያዘችበት ዘመን እንደ ታየው ሁሉ ነገር ሲናወጥ፥ ሥርዓት ወዳድ የሆነ ልጅ ከማንም ይልቅ ይጨነቃል፤ በስደትም ቢሆን አንዲት የታወቀች ነገር፥ ብርድ ልብስም ሆነ ጣሳ፥ አብራው ትሂድ።

ለ. ንግግር አጭር ይሁን። «ና፥ እንጀራ» ብሎ እያሳዩ መጠበቅ፥ በልብም እስከ 10 መቍጠር ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ የሚጠፋው ጠያቂው ስለሚቸኵል ነው።

ሐ. በልጁ ጨዋታ መግባት ይገባል። ጠጠር የሚደረድር እንደ ሆነ አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ አንድ ጠጠር እርሱ፥ አንድ ጠጠር ልጁ እያሉ ይደርድሩ። ተራ መጠበቅ የንግግር መጀመሪያ ነው።

መ. ሥራ ተከፋፍሎ ይሰጥ። እጅ መታጠብ አንድ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን እጅ መዘርጋት፥ ማራስ፥ ሳሙና መቀባት፥ ማሸት፥ ማለቅለቅ፥ ማድረቅ ስድስት ሥራ ነው። አምስቱን እናቱ አብራው ትሥራ፥ መጨረሻውን ልጁ ይፈጽም፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት፥ ቀጥሎም ሦስቱን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በፈጸመም ጊዜ ወዲያው ይመስገን፤ ከሚወደውም ነገር ጥቂት ይሰጠው።

ሠ. ልማዱ ወደ ሥራ ይመለስ። መደርደር የሚወድ ልጅ የማገዶ እንጨት ሊደረድር፥ በሀብሩም የተለቀመ ፍራፍሬ በየመልኩ ሊለይ፥ ከምስር ጠጠር ሊለቅም ይችላል።

ረ. ጩኸት በበረታበት ጊዜ ሰው ከዙሪያው ይራቅ፥ ንግግር ይቀነስ፥ የሚጎዳ ዕቃ ይነሣ፤ እስኪበርድለት ይጠበቅ። ልጁ በዚያ ሰዓት ምክር የሚሰማ አይደለም፤ ዱላም ፍርሃቱን ይጨምርበታል። ራሱን ከግድግዳ የሚያጋጭ እንደ ሆነ ትራስ ጣልቃ ይግባ።

7ኛ፤ ስለ መምህሩ ሥራ

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ ስምምነቱም እንዲህ ያሉ ልጆች ከትምህርት እንዳይከለከሉ ያዝዛል። ስለዚህ መምህሩ ልጁን ሲቀበል ሕግን ይፈጽማል እንጂ ውለታ አይውልም።

ልጁ ከበሩና ከደወሉ ራቅ ባለ፥ በየቀኑ በማይለወጥ ቦታ ይቀመጥ። መወዛወዝ ሲያሻው ወደ ጥግ ሄዶ የሚመለስበት ፈቃድ ይኑረው። ሥራው በሥዕል ወይም በዕቃ ይታይለት። ከክፍሉም ልጆች አንድ ትዕግሥተኛ ጓደኛ ይመደብለት። ሌሎቹ ልጆች እየመሰሉ እንዳያፌዙበት መምህሩ ነገሩን በግልጥ ያስረዳቸው፤ ልጆች ምክንያቱን ያወቁትን ነገር ቶሎ ይለምዱታልና።

8ኛ፤ ስለ ሽማግሌዎች ሥራ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት መርሳን አቋርጦ ያልፋል፤ ከባድ መኪናም ይበዛበታል። አደጋን የማያውቅ ልጅ ከቤት ቢወጣ አንዲት እናት ብቻዋን ልትጠብቀው አትችልም፤ ገመድ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ሁሉ ልጁን በመልኩና በስሙ ይወቀው፤ መንገድ ላይ ያገኘውም ሳይደበድብ በእጁ ይዞ ይመልሰው። እድርተኞች በሳምንት አንድ ቀን ልጁን በተራ ቢይዙላት እናቲቱ ገበያ ትሄዳለች፥ ትተኛለች፥ ትጸልያለች። አባት የሆነውም ሰው ሸክሙን ለእናት ብቻ ትቶ እንዳይሸሽ ሽማግሌዎች ይምከሩት። ጓዳ የተደበቀ ልጅ እንዳለ የሰሙ እንደ ሆነ፥ ወቃሽ ሁነው ሳይሆን ቡና ጠጪ ሁነው ይሂዱ፤ በሩ የሚከፈተው እንዲህ ነው።

መጠየቂያ

1. ልጁ እጁን ባራገበ ጊዜ ከዚያ በፊት ምን ነበረ? ከዚያስ በኋላ ምን ተከተለ?

2. የሚጥል በሽታ ከልማድ እንቅስቃሴ በምን ይለያል?

3. ዶናልድን ያሳደገው ገበሬ የልጁን ልማድ ምን አደረገው? በመንደሩ ውስጥ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥራ የትኛው ነው?

4. በዚህ ቀበሌ ውስጥ ትምህርት ቤት መምጣት ሲገባው ያልመጣ፥ በቤትም የተሸሸገ ልጅ አለን? በዚህ ሳምንት ወደ ቤቱ የሚሄደው ማን ነው?